እሱም አብሮ ሳቀ

«ሰላም እንዴት ናችሁ? የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ቤታችን ግንፍሌ ነው፤ እኔ፣ አያታችንና የ15 ዓመት ወንድሜ ነን። እናታችን ቤይሩት ከሄደች ስምንት ዓመት አልፏታል። ስለዚህ እሱን ያሳደግነው አያቴና እኔ ነን ማለት ይቻላል።

ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ጨዋ ልጅ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ የሚመርቀው። ከልጅነቱ ጀምሮ የማይለያቸው ሁለት ጓደኞች ነበሩት። ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤተሰቦቻቸው ገላን ጉራ ገቡ። እሱም ዘንድሮ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ ሌሎች ጓደኞች ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ልጁን አላውቀውም። ቤት ሲገባ ሰላም የለም። በር ይወረውራል። አያቴ ‹ምሳህን ብላ እንጂ› ስላለችው ‹አትነዝንዢኝ አቦ!› ብሎ ጮኸባት። ያሳደገችውን! እሑድ ማታ ሲሆን ሆዴን ይላል፣ ሰኞ ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው የለም።

ባለፈው ወር ከቦርሳዬ 1,500 ብር ጠፋ። ስጠይቀው አልካደም። ዓርብ ዓርብ በተራ በርገር ይገባበዛሉ፣ ያልጋበዘ ‹ቆንቋና› ይባላል፣ ተራው ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት አምስት ሳንቲም ነክቶ አያውቅም። እንዴት ሌባ ይሆናል?

ሰሞኑን እሱ ሲተኛ ስልኩን ከፈትኩት። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላቸው። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ሲወስደው ያነሱትን ፎቶ ስቲከር አድርገውታል። ሥሩ ላይ ‹የአያት ልጅ› ብለው ጽፈውበታል። ምንም ነገር ሲወራ ስቲከሩን ይልካሉ። እሱ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንባ እስኪወርደው የሚስቀውን ምልክት ይልካል። አብሮ ይስቃል! ወረድ ስል የሌላ ልጅ ስቲከር ራሱ ሠርቶ ሲልክ አየሁ። አለቀስኩ።

ጋራዥ ያለው አጎታችን ‹ለእኔ ስጡኝ፣ በአንድ ቀን አስተካክለዋለሁ› ይላል፤ በምን እንደሚያስተካክለው ይገባችኋል። አያቴ ጠበል ልውሰደው ትላለች። እኔ ስልኩን ልቀማው? ትምህርት ቤት ልቀይረው? ለእማ ልንገራት? እህቱ ነኝ እንጂ እናቱ አይደለሁም። ግራ ገባኝ።

ከግንፍሌ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። እኔን ግን የያዘኝ ያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የላከው የሳቅ ምልክት ነው። ከእሱ ልጀምር፤ ስልኩም ብሩም ይደርሳል።

እስቲ ለአፍታ እሱን ሁኚ። 15 ዓመትሽ ነው። ግቢው አዲስ ነው፣ የድሮ ጓደኛ የለም። አፍሽን ከፍተሽ የተኛሽበት ፎቶ እየዞረ ነው። ብትቆጪ «ሙድ አይገባውም፣ ፋራ ነው» ይባላል፣ ስቲከሩም ከበፊቱ ብሶ ይላካል። ከግሩፑ ብትወጪ ነገ ጠዋት ክፍል ስትገቢ ብቻሽን ነሽ። ብትስቂ ግን፣ ቢያንስ ቢያንስ፣ ከሚስቁት መሃል ትቆጠሪያለሽ። ወንድምሽ መሳቁን መረጠ። ደስ ብሎት የሳቀ እንዳይመስልሽ። የሌላውን ልጅ ስቲከር የሠራውም በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ሰው ሌላው ላይ ሲስቅ እሱን ይረሳዋል። ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ከየት እንደመጣ እንድታዪው ነው።

ትልልቆቹ «እዚህ ግባ የማይባል የልጆች ቀልድ» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ኳስ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌሎቹ ተጫዋቾች ኳሱን ለአንዱ ማቀበል ያቆማሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስድብ የለ፣ ፎቶ የለ። እንዲያውም «ሌሎቹ ተጫዋቾች» የተባሉት ሰዎች እንኳ አልነበሩም፣ ፕሮግራም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ኳስ የተነፈገው ሰው አንጎል ሲታይ፣ ሰውነታችን ሲታመም ከሚነቁት ክፍሎች አንዱ ነቅቶ ተገኘ። ለማያውቁት ተጫዋች እንዲህ ከሆነ፣ በየቀኑ አብረውት ለሚቀመጡ ልጆች ምን ያህል እንደሚሆን አስቢው።

ታዲያ ውጪ ሲስቅ የዋለ ልጅ ንዴቱን የት ያድርሰው? እናንተ ጋ ነዋ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ። አያትሽ ላይ የጮኸው እሳቸውን ስለናቀ አይመስለኝም። በዚህ ዓለም ላይ ቢጮህባቸው የማይተዉት ሰው እሳቸው መሆናቸውን ስለሚያውቅ ነው። ያ «የአያት ልጅ» የሚለው ጽሑፍም አለ፤ በትምህርት ቤት በማን ስም እንደሚሰደብ አይተሻል። «ምሳህን ብላ» ሲሉት የሚሰማው ያንን ሊሆን ይችላል።

ቢሆንም ስድቡ አይታለፍ። መናደድ ይችላል፣ አያቱን መስደብ አይችልም፤ ይህን በግልጽ ንገሪው። ይቅርታ ይጠይቃቸው። ግን ሲበርድለት፣ ማታ፣ ሦስታችሁ ብቻ ስትሆኑ። ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ «ና ጉልበቷን ሳም» ቢባል ያው ሌላ ስቲከር ሆነበት ማለት ነው።

ወደ 1,500 ብሩ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ልጆችን፣ ወጣቶችንና አዋቂዎችን የመኪና ጌም አጫውቷል። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ወይ ትቆሚያለሽ ወይ ደፍረሽ ታልፊያለሽ። አንዳንዶቹ ብቻቸውን ተጫወቱ፣ አንዳንዶቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው እያዩዋቸው። ልጆቹ እኩያ ሲያያቸው በጣም ደፋር ሆኑ። አዋቂዎቹ ላይ ግን የሰው ማየት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እና ወንድምሽ ብቻውን ቦርሳሽን ሲያየውና «ዓርብ ተራህ ነው» ተብሎ ሲያየው ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሌባ ሆነ ወይ ላልሽው፣ አልመሰለኝም። ጠይቀሽው አለመካዱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቃሏ ግን ከቤታችሁ አትሰማ፤ «ሌባ» ከተባለ በኋላ ቢሰርቅም ባይሰርቅም ያው ይሆንበታል።

ብሩን ግን ይክፈል። ከኪስ ገንዘቡ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቀነስ፣ ወይም ሠርቶ ይመልስ፤ እንዴት እንደሚከፍል እሱ ይንገርሽ። ለዓርቡ ደግሞ መውጫ ስጪው። «አልጋብዝም» ማለት በዚህ ዕድሜ ከባድ ነው። «እህቴ ሳንቲም በሳንቲም ታስቆጥረኛለች፣ ልትገለኝ ነው» ማለት ግን ይቀላል፣ ልጆቹም «ውይ ታሳዝናለህ» ብለው ያልፉታል። እንዲህ እንዲላቸው ፍቀጂለት። ክፉዋ አንቺ ሁኚ፣ ምን ችግር አለው? ለእነሱ ለራሳቸውም ቢሆን ዓርብ ዓርብ በርገር ከየት ይመጣል? ከመሃላቸው እንደ ወንድምሽ የተጨነቀ ሌላም የሚጠፋ አይመስለኝም፤ ቀድሞ የሚናገር ጠፍቶ ነው።

ስልኩን አትቀሚው። ብትቀሚው ስቲከሩ ይቀራል እንዴ? እሱ ሳያየው መላላኩ ይቀጥላል፣ ሰኞ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀውን የማያውቀው እሱ ብቻ ይሆናል። ገላን ጉራ ያሉትን ልጆችም የሚያገኛቸው በዚያችው ስልክ ነው። ሌሊቱን ግን አትልቀቂለት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ ያንቺም ጭምር። (ፊትሽ ሲቀየር ታየኝ። ያንቺ ከሌለበት ግን ቅጣት ነው የሚመስለው።) በእሱ ዕድሜ ሰውነት ራሱ የእንቅልፍን ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቶሎ ተኛ ቢባል ዓይኑ አይከደንም። የሚመከረው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሳቅ ምልክት ልኮ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚቀሰቀስ ልጅ፣ ወዲያው እንኳ እንቅልፍ ቢወስደው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የሚተኛው። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የተኛውም ከዚህ የተነሳ ይሆናል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ፣ ትልቁም ቢሆን፣ ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል።

የሆዱ ነገር። ውሸቱን አይደለም። ጭንቀት ሆድ ላይ ይወጣል፤ እሑድ ማታ መሆኑ ደግሞ ራሱ ይናገራል። ቅዳሜ ሆዱን ይለዋል? እስቲ አስተውይ። ሌላ ነገር እንዳይሆን አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ። አንቺ ፋርማሲ ስለምትውዪ ክኒን ይዞ መምጣት ይቀናሻል ብዬ ፈራሁ፤ እሑድ እሑድ ማስታገሻ መስጠቱን አትልመጂበት።

አሁን ዋናው፣ እንዴት እንደምታናግሪው። ሶፋ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ና እንነጋገር» አትበዪው፣ ያን ጊዜ ጆሮውን ይዘጋል። ከሥራ ስትወጪ ጥሪውና ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችሁ ውጡ። የእግረኛው መንገድ እንደሆነ አሁን ሰፍቷል፣ ምሽት ላይ ሰው ይንሸራሸርበታል። ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ዓይን ለዓይን አይተያይም፤ የሚያሳፍር ነገር ለመናገር ይሄ ይቀላል። መጀመሪያ ያንቺን ተናገሪ። «አንድ ሌሊት ሳልጠይቅህ ስልክህን ከፈትኩት። ማድረግ አልነበረብኝም። ግን ስቲከሩን አየሁት፣ አመመኝ።» ከዚያ ዝም በዪ። እውነቴን ነው፣ ዝም በዪ። ሊቆጣ ይችላል፣ መብቱ ነው። «ምንም አይደለም፣ ቀልድ ነው» ሊልሽም ይችላል። «እሺ፣ ለእኔ ግን ቀልድ አልመሰለኝም» ብለሽ ለውዝ ገዝታችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። በአንድ ምሽት ሁሉን አይነግርሽም። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ምሽት ላይ ነው የሚመጣው።

ሲመጣ «ለምን አትተዋቸውም»፣ «ወንድ አይደለህ እንዴ»፣ «እኛማ በኛ ጊዜ» የሚሉትን ዋጫቸው። ይልቅ ትንንሽ ጥያቄ ጠይቂው። ትምህርት ቤት በጣም የሚከብድህ ሰዓት የቱ ነው? እረፍት ነው፣ ምሳ ነው፣ ከግቢ ስትወጡ ነው? ከግሩፑ ልጆች ብቻህን ስታገኘው ጥሩ የሚሆን ማን አለ? ይህኛው በጣም ይጠቅምሻል። በቡድን ሲሆን የሚስቅ ልጅ ብቻውን ሲሆን ሌላ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከመሃላቸው አንድ እንኳ ከተገኘ፣ ከግሩፑ ሳይወጣም መተንፈሻ ያገኛል። ስለዚያ ሌላ ልጅም አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ «እሱስ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ይሆን የሚያደርገው?» መልስ አትጠብቂ። መልሱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ቶሎ እንዳታልፊው። በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ ስለ ቤቱና ስለ ምትኩ ብዙ ተባለ። የልጆቹ ጓደኝነት ግን የማንም ፎርም ላይ አልተሞላም። ወንድምሽ ሁለት ጓደኞች አጥቷል፣ ማንም «አይዞህ» ያለው አይመስለኝም። ገላን ጉራ ሩቅ ነው፣ ታክሲ መቀያየር አለው፣ ለልጅ ብር ነው፤ ግን ሌላ አገር አይደለም። በወር አንድ ቅዳሜ ይምጡና እናንተ ጋ ይደሩ። ወላጆቻቸውን ደውለሽ አንቺ አስፈቅጂ፣ ትራንስፖርታቸውን ብትችዪ በቴሌብር ላኪ። ቀን አራት ኪሎ ይዋሉ፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከእናንተ ሰፈር አይርቅም፣ ለማጥናትም ለመሰብሰብም ይሆናል። አያትሽ ደግሞ ሦስት ጎረምሳ አጥግበው ማደር ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። ከአዲስ ጫማም ከምክርም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው፤ «ፋራ» የማይሉት ሰዎች መኖራቸውን በዓይኑ ማየት አለበት።

ትምህርት ቤቱ ዘንድ ሂጂ፣ ግን እሱ ሳያውቅ አትሂጂ። ክፍሉ በር ላይ ቆመሽ ልጆቹን ብትጠሪማ አለቀለት። የክፍል ኃላፊውን መምህር ከትምህርት ሰዓት ውጪ አግኚ፤ ማንንም እንዲቀጡልሽ አትጠይቂ፣ ክፍል ውስጥ ፎቶ እንደሚነሳና ልጁ እየተጎዳ እንደሆነ ንገሪ፣ መቀመጫ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። በዓመቱ መሃል ትምህርት ቤት መቀየሩን አልወደድኩትም፤ አዲስ ልጅ መሆን ነው የጎዳው፣ እንደገና አዲስ ልጅ ይሆናል። ቢመቱት፣ ቢያስፈራሩት ወይም ትምህርት ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ቢል ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ለእማ ንገሪያት። ብሩን ትተሽ ጭንቀቱን ንገሪያት። አንድ ነገርም ለምኛት፦ በድምፅ መልእክት «እኔ እዚህ የምለፋው ላንተ ነው» አትበለው። እውነቷን ነው፣ ትለፋለች። ግን ራሱን ከሰው በታች አድርጎ ለሚያይ ልጅ ይህ ዕዳ ሆኖ ነው የሚሰማው። ዛሬ ምን በላህ፣ ኳስ ማን አሸነፈ ትበለው። አዲስ ስልክ እልካለሁ ካለችም ተዪው በያት፤ በሚቀጥለው ወር የሚበልጠው ይመጣል።

ጠበሉን በተመለከተ ከአያትሽ ጋር አትጣዪ። እሱ ከፈለገ ይሂድ፣ አብሮ መሄዱ ራሱ ያቀራርባቸዋል። «ሰይጣን ይዞታል» ተብሎ ግን አይሂድ። ሐኪም ካስፈለገም ጠበሉ አይተካውም።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው? ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሐዘኑ ካልለቀቀው፣ ድሮ የሚወደውን ሁሉ ከተወ፣ መብላትም መተኛትም ካቃተው፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ ወይም «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ካለ፣ በቀልድም ቢሆን። ያን ጊዜ አትሽኮርመሚ፣ በቀጥታ ጠይቂው፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዪው፣ መድኃኒት ከቤት አውጪ (ከፋርማሲ የምታመጪውንም)፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይዘሽው ሂጂ። መርካቶ አካባቢ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። ሰው ምን ይለኛል አትበዪ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከጻፍሽልኝ ስነሳ ወንድምሽ እዚያ የደረሰ አይመስለኝም፣ ግን ዓይንሽ ይኑር።

እናቱ አይደለሁም ያልሽው ደግሞ አያስጨንቅሽ። ስቲከር ምን እንደሆነ ማስረዳት የማያስፈልግሽ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ያ ቤት ውስጥ ሌላ የለውም።

አጎታችሁ ቀሩ። እሳቸውን አታርቂያቸው፣ ቤቱ ወንድ ዘመድ ያስፈልገዋል። ዱላው ግን አይሞከርም፤ ውጪ የተዋረደ ልጅ ቤት ውስጥ ተመትቶ አይቃናም፣ የሚማረው ነገር ቢኖር መደበቅ ነው። «ለእኔ ስጡኝ» አሉ አይደል? እሺ በያቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ ይውሰዱት፣ ቱታ አልብሰው መፍቻ ያቀብላቸው፣ ጎማ ይፍታ፣ የቀን አበሉን ይክፈሉት። 1,500 ብሩንም ከዚያው ይመልስልሻል።